በርበሬ ተራ የተማርነው ኮርያኛ

መጀመሪያ የተማርኩት የኮርያ ቃል «ፓሊ ፓሊ» ነው። ቶሎ በል፣ ፍጠን ማለት ነው። ወንድሜ ከዘመቻ በተመለሰ ሰሞን ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጆንያ ተሸክሞ መንገዱን ዘግቶ የሚያዘግም ኩሊ ላይ ሳያስበው ጮኸበት። ኩሊው ከነጆንያው ዞር ብሎ «አስር አለቃ፣ ምን አልከኝ? ስድብ ከሆነ በአማርኛ ስደበኝ» አለው። ተራው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ በርበሬ ተራ ውስጥ «ፓሊ ፓሊ» የማይል ሰው ጠፋ። ደንበኛ ሲያንገራግር ፓሊ ፓሊ፣ ሚዛን ሲዘገይ ፓሊ ፓሊ። እኔማ ሰለቸኝ። ወንድሜ እዚያ ድረስ ዘምቶ፣ ስንቱን ጓዱን ቀብሮ፣ ይዞልን የመጣው ነገር የኩሊ ማጣደፊያ ሆኖ ቀረ እያልኩ እናደድ ነበር።

እናታችን ዛላ በርበሬ በጅምላ ትነግዳለች። አባታችን ከሞተ በኋላ ሱቁን ብቻዋን ነው ያቆመችው። ከጉራጌ አገር ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ አማርኛ የለመደችው እዚሁ መርካቶ ነው፣ እየተሳቀባት። እኔ ትምህርቴን ትቼ ከእሷ ጋር ሱቅ እውላለሁ። ወንድሜ ደግሞ የክቡር ዘበኛ ወታደር ስለሆነ አዳሩ ጦር ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና እኛ ጋ አድሮ እሁድ ማታ ይመለሳል። ታላቄ ስለሆነ «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው። እሱ እኔን «ምላሶ» ይለኛል። በከንቱ አይደለም፤ ምላሴ ስለታም ነበር፣ እርጅናም አላዶለደመውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስታችንም ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ዛላ እየቀነጠስን፣ ወንድሜ ቀና ሳይል «እማዬ፣ ኮርያ አንዲት ሴት አለች» አለ።

እናቴ እጇ አላቆመም። «ሴት የሌለበት አገር የታለ?»

«ላገባት ነው።»

አሁን እጇ ቆመ። እሱም እንዳይቋረጥ የፈራ ይመስል ሁሉንም አከታትሎ ነገረን። ከጦሩ ሰፈር አጠገብ የወታደር ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። ወላጆቿ፣ ወንድሞቿ፣ ሁሉም በጦርነቱ አልቀዋል። እሱ ቆስሎ ተኝቶ ሳለ ምግብ ታመጣለት ነበር። አለቆቹን አስፈቅዷል፤ እዚያ የቀረው ጦር ተራው ደርሶ ሲመለስ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ለገሃር ትደርሳለች። እሷ አማርኛ አታነብ፣ እሱ የእነሱን ፊደል አይጽፍ፣ መልእክታቸው በዘማች አፍ ብቻ ነው የሚመላለሰው።

እናቴ ብዙ ነገር ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ሃይማኖቷን፣ ዘሯን፣ ዕድሜዋን። እሷ ግን «ምን ትበላለች?» አለች።

«ሩዝ ነው ምግባቸው። ጎመን ደግሞ በቀይ በርበሬ ለውሰው በእንስራ ያስቀምጣሉ፤ ያቃጥላል፣ ከኛ አይተናነስም።»

«በርበሬ ትበላለች?»

«በደንብ አድርጋ።»

«እንግዲያው ሰው ናት» አለችና ቅንጠሳዋን ቀጠለች። ጉዳዩ በዚህ አለቀ፣ ልጅቷ በርበሬ ተራ ተዳረች።

የቋንቋውን ነገር ያመጣችው እናቴ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንድሜ ገና ቆቡን ሳያወልቅ «በል አስተምረን» አለችው። እኔ ደነፋሁ። «የምትመጣው እሷ፣ የምንማረው እኛ! አማርኛውን እሷ ትማር እንጂ!» እናቴ ተቆጥታ አታውቅም፣ ያን ቀን ግን ዓይኗን ተከለችብኝ። «እኔ እዚህ አገር ስገባ ግቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። ብለውኝ ይሆናል፤ ቋንቋቸውን አልሰማም ነበር። ስቀው ይሁን ተቆጥተው ሳላውቅ በር ላይ ቆሜ የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም። ይቺ ልጅ እኔ ቤት በር ላይ አትቆምም።»  እኔም ለመማር ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ራሱ ቋንቋውን የሚያውቀው በወታደር ልክ ነበር። ሰላምታ «አንኞንግ ሃሴዮ»፤ ግቢ «ኦሶ ኦሴዮ»፤ ተቀመጪ «አንጁሴዮ»፤ ውሃ «ሙል»፤ በረደሽ ወይ «ቹዎዮ?»፤ በልተሻል ወይ «ፓፕ ሞጎሶዮ?»፤ ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ «ኬንቻናዮ»። እናቴ አጥብቃ የወደደችው «ማኒ ሞጎዮ» የሚለውን ነው፤ ብዙ ብዪ ማለት ነው። «ይሄን የሚል ሕዝብ ክፉ አይሆንም» አለች። «አንኞንግ» ግን አፍንጫዋ ላይ እየተሰናከለ አልወጣላት አለ። ወንድሜ እየሳቀ እንባው እስኪፈስ ያርማታል፤ እሷም እየሳቀች ትሳሳታለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ እንዲያ ስትስቅ አላየሁም ነበር።

አማኑኤል ሰፈርም ሆነ አብነት እንደኛ ያለ ትምህርት ቤት አልነበረም። መማሪያችን ጨዋታ ነበር። ወንድሜ ከሱቅ ያስወጣኝና «አሁን አንቺ እሷ ነሽ፤ ከባቡር ወርደሽ መምጣትሽ ነው» ይለኛል። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ዓይን አፋር ሆኜ እገባለሁ። እናቴ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች። «እዚያም በሁለት እጅ ነው» ይላል ወንድሜ፣ ደስ ብሎት። የምትለውን ትላለች፣ እኔም እንደ ኮርያዋ እመልሳለሁ። ጎረቤታችን፣ ከወሎ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ፣ ከመደብራቸው ሆነው ይመለከቱን ነበር። «ሙሽራዋ ዛሬም ደረሰች?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እንዲህ እያልን ክረምቱ ወጣ፣ በጋውም ገፋ።

ሁዳዴ ወደ ማለቁ ሲቃረብ በአንድ የሥራ ቀን፣ ካፖርቱ የሰፋው ከሲታ ወታደር ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ነው። በርበሬ የሚገዛ መስሎኝ ዋጋ ልነግረው አፌን ስከፍት «የአስር አለቃ እናት እዚህ ናቸው?» አለኝ። የወንድሜ ጓደኛ ነበር፤ እዚያ ሆኖ ለልጅቷ መልእክቱን ሲያደርስ የነበረው እሱ ነው። ደረቱን ታሞ ከጦሩ ቀድሞ ነው የተመለሰው። እናቴ ቁጭ በል ብትለው እምቢ አለ። እያሳለ፣ ቆሞ፣ እንዲህ ብሎ ነገራት።

«እናቴ፣ ልጅቷ የለችም። በብርዱ ወራት ሳል ጀመራት፣ ከዚያ ደም ሆነ። ሐኪማችን የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። የቀበርናት እኛ ነን፤ ጎረቤቶቿና እኛ። ለሱ ልነግረው ሰፈር ድረስ ሄጄ ከሩቅ አየሁት፤ ሲያየኝ ሮጠ፣ አቀፈኝ፣ ደህና ናት ወይ አለኝ። እኔም ደህና ናት አልኩት። ምን ላድርግ? ብቻዬን መርዶ አልናገር!»

እናቴ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። «ሰፈር ውስጥ ሌላ የሚያውቅ አለ?» አለችው። አብረውት የተመለሱት በሽተኞች ሁሉ ያውቃሉ። «እንዳይነግሩት» አለች። «በወጉ ይነገረዋል።» እሱም ይህንኑ ሊጠይቃት ነበር የመጣው። ወታደርም መርዶ ያውቃል።

ወግ አልኩ። የኛን ወግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሞት ለባለቤቱ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘውና የሚደግፈው ሰው ባለበት ነው። በዓል ከፊት ካለም በዓሉ ያልፋል። ይህን ሁሉ ገና ያን ዕለት ማታ የአባቴ ወንድም እቤታችን መጥተው ዘረዘሩልን። ሕማማት እየገባ ነው፤ ከዚያ ፋሲካ ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶች አሉ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ጦሩን የያዘው ባቡር ከመድረሱ በፊት ይነገረው አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ለነገሩ ይህ መርዶ ይባላል ወይ ብለው ጠየቁ። አልተጋቡ፣ አልተዳሩ፣ ዓይኗን ያየ ሰው የለ። እናቴ «ልጄ ሚስቴ ካለ ሚስቱ ናት» አለች። እኔ መሃል ገብቼ «አባባ፣ ለምን ነገ አንነግረውም? እያንዳንዷን ቀን እኮ እየጠበቃት ነው!» አልኩ። አጎቴ ለልጅ እንደሚነገረው ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ብቻውን ሰምቶ ራሱን ቢጎዳስ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው አሉ። ይህን ሲሉ እናቴ ፊቷን ሸፈነች። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። ዛሬም ድረስ ትክክል ነበሩ ልል አልችልም፤ ተሳስተዋልም ማለት ይከብደኛል።

እንግዲህ ቅዳሜ መጣ፣ ወንድሜም መጣ። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ጫማውን እንደ መስታወት ወልውሎ። «እማዬ፣ ባቡሩ ከፋሲካ በኋላ ነው! ተቃረበ እኮ! የረሳሽው እንዳለ እንከልስ።» ዛላው ፊታችን ተዘርግቷል። እናቴ ቀና ብላ «በል ጀምር» አለች።

እንዲያ ስትማር አይቼ አላውቅም። «አንኞንግ ሃሴዮ»፣ ስንት ወር ያስቸገራት ቃል፣ ያለ እንከን ወጣላት። ወንድሜ እጁን አጨበጨበ። «ምላስሽ ተፈታ እማዬ! እሷ ራሷ ትገረማለች!» እኔ ዛላውን በጥፍሬ ሰባብሬ ዓይኔን አሸሁበት። አቃጠለኝ፣ ደስ አለኝ፣ አለቀስኩ። «በርበሬው ነው» አልኩ። በርበሬ ተራ ላይ ይህን የማያምን የለም።

እሁድ እሱ ወደ ሰፈሩ ሲሄድ በእናቴ ላይ ጮህኩባት። «ለማን ነው የምትማሪው? ለማን?» እሷ የተቀነጠሰውን እየሰበሰበች ነበር። «ዝም ብል ይጠረጥራል» አለች። ቀጥላም «ደግሞም ልጄ እንዲህ ደስ ብሎት የሚያወራው የቀሩት ሁለት ሦስት ቅዳሜዎች ብቻ ናቸው። ልከለክለው?» አለች። ተናድጄ ወጣሁ። 

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ወንድሜ አዲስ ቃል ይዞ መጣ። ሳያስተምረን ያቆየው ነበር። «ኔ ታል። ልጄ ማለት ነው፣ ለሴት። እማዬ፣ ገና በሩ ላይ ኔ ታል ብትያት እናት እንዳገኘች ትቆጥረዋለች። ከሞቱባት ወዲህ ማንም እንዲያ ብሏት አያውቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምላሶ፣ ውጪ። ከባቡር ወረድሽ።»

ወጣሁ። በሩ ላይ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩ። የበዓል ገበያ ነው፤ ዶሮ የያዘ፣ በግ የሚጎትት፣ ሰው በሰው ላይ ይራመዳል። ሐጂ ከመደብራቸው አዩኝ። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እናቴ ነግራቸዋለች። ያን ቀን ሙሽራዋ ደረሰች ብለው አልቀለዱም፤ ጨርቃቸውን ያጣጥፉ ጀመር።  መሮጥ ፈለግሁ፣ ወደ አብነት፣ ወደ የትም። ከውስጥ ወንድሜ «ፓሊ ፓሊ!» እያለ ይስቃል። ገባሁ። የሞተች ሴት ሆኜ ገባሁ።

እናቴ ብድግ አለች። ሁለት እጇን ዘረጋች። «ኦሶ ኦሴዮ» አለች። «ኦሶ ኦሴዮ፣ ኔ ታል።» እጆቼን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድምጿ ዝቅ አለ። «ቹዎዮ? ኔ ታል፣ ቹዎዮ?» በረደሽ ወይ ነው የምትላት። ቃሉ የጨዋታችን ነው፤ ሁልጊዜም ትለኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን በብርድ ወራት የተቀበረችውን ልጅ ነበር የጠየቀቻት። እኔም የተማርኩትን መመለስ ነበረብኝ። ወንድሜ አፌን አፌን ያያል።

«ኬንቻናዮ» አልኩ። ደህና ነኝ።

ወንድሜ ጮኾ ሳቀ፤ ሁለታችንንም አቀፈን። ልቤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሰብሮ አያውቅም፤ ባል ቀብሬያለሁ፣ እናቴንም ቀብሬያለሁ፣ ግን እንደዚያ አይደለም።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ወንድሜ እቤት ባደረበት ሰኞ ማለዳ፣ አጎቴ፣ ከአገር ቤት የመጡት ዘመዶች፣ ሐጂ፣ ሃምሳ አለቃውና ሌሎች ጓዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢው ሞሉ። እሁድ ማታ ወደ ሰፈሩ ሳይመለስ እንዲያድር ፈቃድ የጨረሱለት ጓዶቹ ናቸው። እሱ የሰው ድምፅ ሰምቶ በካናቴራ ወጣ። ሰዎቹን አየ። የቆሙበትን አኳኋን አየ። ያ አቋቋም ምን እንደሆነ ማንም ሐበሻ አይስተውም። ዞሮ ወደ ውስጥ ሮጠ፣ ወደ እናቴ መኝታ። እናቴ ተነስታ ደረቷን ይዛ ቆማለች። አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። «ተመስገን! አለሽ! አለሽልኝ! ደነገጥኩ እኮ እማዬ…» ሳቀ፣ በእውነት ሳቀ። ግንባሯን፣ እጇን ሳማት። ከዚያ በትከሻዋ ላይ እኔን አየኝ። እኔም ቆሜያለሁ፤ ደህና ነኝ። ከሁለታችን በቀር ሌላ ሰው የለውም። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ሲያስብ አየሁት። ሃምሳ አለቃው ከበሩ ገባ።

ማንም መናገር አላስፈለገውም። አጎቴ ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ድንኳን ሊተከል ሲል የእድሩ ሰዎች አንገራገሩ፤ ያልተዳረች፣ ያልተመዘገበች፣ ያልታየች ሴት እያሉ። ሐጂ ሰምተው «ድንኳኑን ከኔ መደብር ውሰዱ፤ እኔ ከአንድም ሁለት ሦስት ቀን ስትደርስ አይቻታለሁ» አሉ። ተተከለ። በርበሬ ተራ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ኩሊዎቹም ገመዳቸውን በትከሻቸው እንዳደረጉ መጥተው ተቀመጡ። ሴቶቹ ግን ተቸገሩ። ለለቅሶ የሚይዙት ቀሚስ የላት፣ ፎቶግራፍ የላት፣ ስለ መልኳና ስለ ሙያዋ የሚናገር ሰው የለ። አንዷ «ምን ብለን እናልቅስላት?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ መሃል ገባች፣ የምታውቀውን ሁሉ አለች። ኦሶ ኦሴዮ አለች። አንጁሴዮ አለች። ፓፕ ሞጎሶዮ፣ ማኒ ሞጎዮ፣ ኔ ታል፣ ኔ ታል እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ ትርጉሙን ሳያውቁ ተቀበሏት።

ወንድሜ በነዚያ ሁሉ ቀናት አላለቀሰም። ጓዶቹ መሃል፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ አንድ ቦታ እያየ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ፈራች፤ ያላለቀሰ ሐዘንተኛ ያስፈራል። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔም ተከተልኳት። እጁን ይዛ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ እኛ እግዜር ያጥናህ እንላለን። በሷ አገር ላዘነ ሰው ምን ይባላል? አስተምረኝና በሷ ቋንቋ ልበልህ።»

 ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ይፈልጋል፤ የሚያውቃቸውን ቃላት አንድ በአንድ ሲያልፋቸው ይታየኛል።

«አላውቀውም እማዬ» አለ። «እሷም ሁሉም የሞቱባት ነበረች። ሳውቃት ሐዘንተኛ ናት። አንድ ቀን እንኳ ምን ይባላል ብዬ አልጠየቅኋትም፣ ምንም አላልኳትም። ብዪ ነበር የምላት፣ በረደሽ ወይ ነበር የምላት።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። እናቴ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጉራጊኛ፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ የሆነ ነገር ትለው ጀመር። ጉራጊኛ አላስተማረችንም፤ ምን እንደምትለው አልሰማሁም፤ እሱም የሚሰማት አይመስለኝም።